ቢራ የጠጣው የፎቶ ሳጥን

እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 2019፣ ሐሙስ ጠዋት ኢላሪዮን ቲንታያ ሲሞት፣ የሥራ ጠረጴዛው ላይ አንድ የስፌት መኪና ሆዱ ተከፍቶ ነበር። የጎረቤታቸው የዶኛ ፕሪሚቲቫ መኪና ነው። መርፌውን የሚያወርደው ዘንግ ወጥቶ ጋዜጣ ላይ ተጋድሟል፤ ብሎኖቹ በሰርዲን ጣሳ ውስጥ ናፍጣ ተነክረዋል፤ መዘውሩን የሚያዞረው ቺንጋ ግድግዳው ላይ በምስማር ተንጠልጥሏል። የትኛው ብሎን የት እንደሚገባ የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለነበር መኪናው ዛሬም እንደተከፈተ ነው። ዶኛ ፕሪሚቲቫ ሌላ ገዛች እንጂ መጥታ ይሄን ልውሰድ አላለችም።

ኢላሪዮን የተወለደው ኦሩሮ በኩል፣ ቆርቆሮ ከሚቆፈርበት ተራራ ሥር ነው። ጢሙ ሳይወጣ ከአባቱ ጋር ጉድጓድ ወረደ። መንግሥት ማዕድኑን ዘግቶ ሠራተኛውን ሲበትነው፣ እንደ ሌላው ሁሉ ፍራሹን ጠቅልሎ ኤል አልቶ ከተማ ገባና ከአንድ ሽማግሌ ዘንድ የስፌት መኪና ጥገና ተማረ። ሴኖቢያን ያገኛትም በዚሁ ሥራ ነው። ፖዬራ የሚሉትን ባለብዙ እጥፍ ቀሚስ የምትሰፋ ሴት ነበረች፤ ለአንድ ቀሚስ ያን ሁሉ እጥፍ ስታጥፍ መኪናዋ ክር እየበጠሰ አስለቅሷት፣ መኪናዋን በጀርባዋ አዝላ መጣች። አገላብጦ አየላትና፣

“መኪናው ጤነኛ ነው። የተቆጣሽው አንቺ ነሽ፤ እግርሽን ቀስ አድርጊ” አላት።

ተጋቡ፤ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ከዓመታት በኋላ የቆርቆሮ ዋጋ ወጣ ተብሎ የጥንት ጓደኞቹ ሲጠሩት ሴኖቢያ ደጃፉ ላይ ተጋድማ ከለከለችው። ተሻግሯት ሄደ። ሲመለስ ድንጋዩን በሳንባው ይዞ ነው የመጣው። ሐኪሙ ሴኖቢያን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ይሄ የሚድን ነገር እንዳልሆነና ቀጣዩን የገና በዓል እንዲጠብቁ ተስፋ ሊሰጣት እንደማይችል ነገራት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሳት አንድ ነገር ነው፤ የባሏ ፊት።

የሴኖቢያ አባት የሞተው አንድም ፎቶ ሳይኖረው ነበር። ኖቬምበር ሲገባ ሙታን ወደየቤታቸው ለእንግድነት ይመጣሉ፤ በሌሎች ቤቶች ዳቦው፣ ፍራፍሬውና የኮካ ቅጠሉ በተደረደረበት ገበታ ራስ ላይ ፎቶ ይቆማል። በእነሱ ቤት ባርኔጣ ቆመ። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ከባርኔጣው ሥር ፊቱን ያየው ነበር። በሦስተኛው ዓመት እናቷና አክስቷ የጉንጩ ጠባሳ በቀኝ ነበር በግራ ተባብለው ተጣሉ፤ ማዕድ እስከ መለያየት ደረሱ። ሴኖቢያ ልታስታርቃቸው ብላ ዓይኗን ጨፍና አባቷን ፈለገች። ያየችው ባርኔጣውን ነው።

ኢላሪዮን ግን ፎቶ ሲባል ፊቱን ያዞራል። ማዕድን ቆፋሪዎቹ ዘንድ አንድ ሰው ጥቁር መትፋት ሲጀምር ሚስቱ አጥባ፣ አልብሳ፣ ፎቶ ቤት ትወስደዋለች። ጓደኞቹ “የኖቬምበሩን ተነሳ” ይላሉ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አይቆጥሩትም፤ ፈረቃ ሲከፋፈሉ ስሙን ይዘሉታል፣ ቀልድ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የገዛ ወንድሙን እንደዚያ ሲያደርጉት አይቷል።

“ፊቴን ለገበታ አታዘጋጂው፤ ገና እየበላሁበት ነው” አላት።

በስልኳ ልትሰርቀው ሞከረች። ስልኳ ውስጥ የቀረው መዳፉ፣ ጀርባውና የኮቱ ክርን ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ሲጥለው አነሳችው። ምስሉን ስታየው አፉ ተከፍቷል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ሬሳ ነው። ወዲያው ደመሰሰችው። የመታወቂያውን ፎቶ በትልቁ አሳትማም ነበር፤ ማኅተሙ ጉንጩን ለሁለት ከፍሎት፣ ዓይኑ ፈጦ፣ በስርቆት የተያዘ ሰው መስሎ ወጣ። ያንን ሰው አግብታው አታውቅም።

በዚህ መሃል የሰፊዎቹ ማኅበር ለሳን ሁዋን በዓል ስብሰባ ጠራ። ሳን ሁዋን የዓመቱ ብርድ የሚከፋበት ቀን ነው። ድሮ በየደጁ እሳት ይነድ ነበር፤ ጭሱ ከተማውን እያፈነ ስላስቸገረ ተከለከለና አሁን ሰው አዳራሽ ገብቶ ነው የሚያከብረው። እኛ ጋ ደግሞ ድግስ ለብቻ አይደገስም። ኬኩ ወጪውን የሚችልለት የክርስትና አባት አለው፤ የሙዚቃ ባንዱ የክርስትና እናት አለው፤ ቢራው እንኳ ያለ ክርስትና አባት አይገባም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ዶን ፍሮይላን ዋራቺ የሴኖቢያን ልጅ ክርስትና ያነሳ አበልጅ ነው።

“ዘንድሮስ ምን አዲስ ነገር እናምጣ?” አለ።

“የፎቶ ሳጥን!” አለች አንዷ። “ከኋላው የእሳት ሥዕል ያለበት። እሱን እሳት ማዘጋጃ ቤቱ አያጠፋብንም።”

“ማን ክርስትና ያነሳዋል?”

የሴኖቢያ እጅ ተነሳ። “እኔና ኢላሪዮን።”

“ኢላሪዮን ያውቃል?”

“ያውቃል” ብላ ዋሸች።

ያመጣውን ነገር የሚመርቀው የክርስትና አባቱ ራሱ ነው። ኬክ ያመጣ መጀመሪያ ይቆርሳል፤ ባንድ ያመጣ መጀመሪያ ይጨፍራል፤ የፎቶ ሳጥን ያመጣም መጀመሪያ ፎቶ ይነሳል። እምቢ ያለ ድግሱን እንደረገመ ይቆጠራል። ኢላሪዮን ደግሞ ሚስቱን እምቢ ይላል እንጂ ማኅበር አያዋርድም። ሴኖቢያ ይሄን ቆጥራ ነው እጇን ያነሳችው።

ሳጥኑን የምታከራየው ዮላ ኮንዳርኮ የምትባል ባል የሞተባት ሴት፣ የምትኖረው ደረጃው ቀጥ ያለ ፎቅ ላይ ነው። መጋረጃ ያለው፣ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ፣ አራት አራት ፎቶ በአንድ ቁራጭ ወረቀት አትሞ የሚተፋ ሳጥን አላት።

“ለስንት ሰዓት ነው ካሴሪታዬ?” አለቻት፤ ደንበኛዋን ሁሉ እንዲህ ነው የምትጠራው።

“አንድ ፎቶ እስኪወጣ።”

“ለአንድ ፎቶ ሳጥን ይከራያል እንዴ! በስልክሽ አታነሺውም?”

“በስልክ እምቢ አለኝ።”

ዮላ ቀና ብላ አየቻት። “ታሟል?”

“ታሟል።”

“እንግዲያው ሳጥኑን ለሰው አልሰጥም፤ ራሴ ይዤ እመጣለሁ። ወዝ እንዲኖረው መብራቱን ለስለስ አደርግለታለሁ።”

ምስጢሩን ያወጣው ፍሮይላን ነው። ኢላሪዮን ማታ ቤት ገብቶ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

“የሳጥን አባት ሆንኩ አሉ።”

“ሆንክ።”

“እንኳን ደስ ያለኝ። አንቺ ሴት፣ ሌላው ሚስት ባሏ እስኪሞት ትጠብቃለች፤ አንቺ በቁሜ ሳጥን ተከራየሽልኝ። ከነመጋረጃው!”

ሴኖቢያ መሳቅም አቃታት። “እኔስ? እኔ በኖቬምበር ባርኔጣህን ላናግር? ፊትህ ጠፍቶብኝ ከልጄ ጋር ልጣላ?”

ኢላሪዮን ባርኔጣውን አወለቀ። ሳሉ መጣበት፤ እስኪያልፍ ጠረጴዛውን ይዞ ጠበቀ። ከዚያ፣ “ጥቁሩን ኮት አናፍሺው፤ አበልጄን ሰው ፊት አላሳፍርም” አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴኖቢያ እስከ በዓሉ ድረስ አንድ ጸሎት ብቻ ጸለየች፤ እስከዚያ ቀን አድርሰው እንጂ ከዚያ በኋላ ያለውን አልጠይቅህም የሚል።

የበዓሉ ዕለት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ቋሊማ በዳቦው ይዞራል፤ ሲንጋኒ የሚሉት የወይን አረቄ የተጨመረበት ትኩስ ሻይ ይቀዳል፤ የሴቶቹ ፖዬራ አግዳሚውን ሞልቶ መቀመጫ ጠፋ። ሳጥኑ ከመድረኩ ጎን ቆሟል፤ ከቀይ ወረቀት የተቆረጠ ነበልባል ከውስጡ መብራት በርቶበት እውነት እሳት መስሏል። ዮላ ከኋላው ተቀምጣ ለሴኖቢያ በዓይኗ ምልክት ሰጠቻት፤ ሁሉ ዝግጁ ነው።

ባንዱ ዝም አለ። “ክርስትና አባትና እናት!” ተባለ። ኢላሪዮን ተነሣ። ሴኖቢያ ክንዱን ይዛ፣ በኮቱ ውስጥ አጥንቱ ሲንቀሳቀስ እየተሰማት፣ አብራው ሄደች። እጁ መጋረጃውን ነካ።

“ቆይ! ቆይ!” አለ ፍሮይላን፤ ቢራ በእጁ ነው፣ ፊቱ ቀልቷል። “ጫልያ ሳይደረግለት ማን ሊገባበት ነው?”

እውነቱን ነው። አዲስ ቤት፣ አዲስ መኪና፣ አዲስ መጥበሻ እንኳ ቢሆን ምድር ድርሻዋን ሳትጠጣ አይጀመርም። ለዚህ ግን በአራቱ ማዕዘን ሥር ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ማድረግ ይበቃል። ፍሮይላን ስለ አበልጁ ፍቅር ሞልቶበት ነበር። ጠርሙሱን በአውራ ጣቱ ደፍኖ ናጠው፣ ናጠው፣ ከዚያ ለቀቀው። አረፋው ከጣሪያው መልስ ሳጥኑ አናት ላይ ወረደ። ወረቀት በሚወጣበት ቀዳዳ ገባ። ውስጡ አንድ ነገር ተንጫጫ፤ እሳቱ ጠፋ።

“አበልጅ! የሚጠማት ምድሪቱ ናት ወይስ ኮምፒዩተሩ?” አለ አንዱ። አዳራሹ ሳቀ። ዮላ ጮኸች፤ በድንጋጤ የተጣበቀውን ወረቀት ስትጎትት፣ ወረቀቱን የሚጫነው ትንሽ ሞላ ተፈናጥሮ ተሰበረ።

ሴኖቢያ ባርኔጣዋን አውልቃ ፍሮይላንን ደረቱን፣ ትከሻውን፣ ያገኘችውን መታችው። “አንተ ሰካራም! ባሌን ገደልከው! ባሌን ቀበርከው!”

ሳቁ ቆመ። ለአንድ ሳጥን እንዲህ መሆኗ ለማንም አልገባም። ፍሮይላን ጠርሙሱን እንደያዘ፣ “ኧረ አበልጅ፣ ኧረ በሞቴ፣ ስለ ረድኤት ብዬ እኮ ነው” ይላል። የገባው ለኢላሪዮን ብቻ ነበር። እጁ ገና መጋረጃው ላይ ነው። ነፃ ወጥቷል፤ ወንበሩ ላይ ሄዶ መቀመጥና ሻዩን መጠጣት ይችላል። ሚስቱን ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ጥቁር ኮቱን አወለቀና፣

“ካቻቢቴ ያለው አለ?” አለ።

“ተወው ኢላሪዮን” አለች። “ተወው፣ አለቀ።”

“የክርስትና ልጄ አይደል? ሜዳ ላይ ልጣለው?”

ቀዝቃዛው ወለል ላይ ተንበረከከና ማተሚያውን ፈታው። ካሜራው ከመስታወት ኋላ ስለነበር ደህና ነው። ማተሚያውን በጨርቅ ጠረገ፤ ከሴቶቹ ክፍል የፀጉር ማድረቂያ አስመጥቶ እስኪበቃው አደረቀ። በተሰበረው ሞላ ፋንታ ከሴኖቢያ ጉንጉን ላይ የፀጉር ሽቦ መዝዞ አጠፈና አስገባ። መብራቱ በራ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ሽቦው ግን የራሱ ጉልበት የለውም። ወረቀቱ የሚወጣው ከኋላ ጣት ገብቶ ልክ በሰዓቱ ሲጫነው፣ ልክ በሰዓቱ ሲለቀው ብቻ ነው።

“እኔ ልጫን፤ አንተ ግባ” አለች ሴኖቢያ። ጫነችው፤ ወረቀቱ ተቀደደ። ዮላ ጫነች፤ ተጣጥፎ ተወተፈ።

“ጣቴ ነው የሚያውቀው” አለ። የቢራ ሳጥን ገልብጦ ከኋላ ተቀመጠ።

እንዲህ ሆኖ አመሸ። ማኅበርተኛው ሁሉ ተራ በተራ ገባ፤ የወረቀት ጢም እየለጠፈ፣ ትልልቅ መነጽር እያደረገ፣ ልጁን እያቀፈ፣ ምላሱን እያወጣ ተነሣ። ፍሮይላን ሳይቀር ጥፋቱን ለማስረሳት ሁለቴ ገባ። “ዶን ኢላሪዮን፣ እጅዎ ይባረክ!” ይሉታል ከመጋረጃው ወዲያ። እሱ ከኋላ በጨለማው፣ ጣቱን ማሽኑ ውስጥ አድርጎ፣ የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ ወደ ውጭ ይገፋል። ሴኖቢያ ነገሩን ስታሰላው፣ ፊቱን ከመስጠት የማያመልጥበትን ቦታ ፈልጋ፣ ማንም ሊያየው የማይችልበት ብቸኛ ቦታ ላይ አስቀምጣዋለች።

“ግቢ እንጂ፤ እናቱ አይደለሽ?” አላት በመጨረሻ።

ገባች። ከጎኗ ያለው መቀመጫ ባዶ ነው። ብልጭ ሲል ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አልሆነም። አራቱም ላይ እያለቀሰች ወጣች፣ አራቱም ላይ ከጎኗ ባዶ ወንበርና ቀይ ወረቀት። ኢላሪዮን ገፍቶ ያወጣውን አየውና አቀበላት።

የአዳራሹ ብርድ ግን የራሱን ወሰደ። ከበዓሉ በኋላ ኢላሪዮን እንደ ቀድሞው አልተነሣም። ኦክስጅን ተከራዩለት፤ ከአልጋ ወደ ጠረጴዛው ለመሄድ እንኳ ግድግዳ መያዝ ጀመረ። ሴኖቢያ ስለ ፎቶ ማውራት ተወች። ይልቅ ምግብ ስትሰጠው፣ ትራሱን ስታስተካክል፣ ፊቱን እንደ ትምህርት ታጠናው ጀመረች። አፍንጫው፣ ቅንድቡ፣ በዓይኑ ሥር ያለው እጥፋት። ወጥ ቤት ሄዳ ዓይኗን ትጨፍንና ራሷን ትፈትናለች። ወዲያው አንዱ ይጠፋታል፤ ሮጣ ተመልሳ ታያለች።

“ምን ረሳሽ?” ይላታል።

“ምንም።”

ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነቃ ተላጭቶ፣ ለብሶ፣ ጠረጴዛው ጋ ቆሞ የብረት ሽቦ በምስማር ላይ ሲጠመጥም አገኘችው።

“ምን እየሠራህ ነው?”

“የዮላን ሞላ።”

“ሌላ ሰው ይሥራው! ደረጃውን አታውቀውም፤ አትወጣውም።”

“የፀጉር ሽቦ ውስጡ ትቼ ሥራ አስረክቤ አላውቅም” አለ። “ዕቃዬን ያዢልኝ።”

ለመነችው፤ ቁልፉን ደበቀች፤ መልሳ ራሷ አወጣችው። በሚኒባስ ሄዱ። ደረጃው ላይ በየእርከኑ ተቀመጠ፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። አንዲት ጎረቤት በሯን ከፍታ ውሃ ሰጠችው። ሴኖቢያ ከኋላው ቆማ፣ ቢወድቅ ይዛው የምትወድቅ ይመስል እጆቿን ዘርግታ ነበር የወጣችው። ዮላ ስታያቸው አፏን በእጇ ያዘች።

“ዶን ኢላሪዮን! ምን ሲደረግ! እኔ እመጣ አልነበር?”

“ሳጥኑ እግር የለውም ዶኛ ዮላ። እኔ እስካሁን አለኝ።”

ሽቦውን አወጣ፤ ሞላውን አስገባ። ጣቱ ቦታውን አልሳተም። ክዳኑን አሰረና ጥቂት ትንፋሽ ሰበሰበ።

“አብሩት እስቲ። ሳይሞከር አይሰጥም።”

“እኔ ልግባ” አለች ዮላ።

“እርስዎ ከዚህ ሆነው ቁልፉን ይጫኑ። ግራና ቀኙ እኩል መውጣቱን ማየት አለብኝ። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ መቀመጥ አለበት።” ወደ ሚስቱ ዞረ። “ነይ፣ አንቺ በግራ።”

 ሴኖቢያ ቃል ብታወጣ ነገሩ ሁሉ የሚበተን መሰላት። ገብታ ተቀመጠች። ኢላሪዮን መጋረጃውን ይዞ ዝቅ አለና ከጎኗ ተቀመጠ፤ ትከሻው ትከሻዋን ነካ፤ የተላጨው ጉንጩ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ፊቱን አላዞረም። ብልጭ አለ፤ ብልጭ አለ።

ወረቀቱ ወጣ። በአራቱም ፎቶ ላይ ነጭ መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዶ የኢላሪዮንን ፊት ሰርዞታል። ሴኖቢያ ከአፏ ድምፅ አመለጣት፤ ግድግዳውን ያዘች።

“ቢራ ነው፤ ጎማው ላይ ደርቋል” አለ። እንደገና ፈታ። ጎማውን በአልኮል ጠረገ፤ በጥፍሩ ፋቀ። ሳሉ መጥቶ እጥፍ አደረገው፤ ዮላ ወንበር ገፋችለት፤ ጠብቆ አሳለፈው። ክዳኑን መለሰ።

“እንደገና ነይ።”

ሁለተኛው ንጹሕ ወጣ። በአንደኛው ፎቶ ሊያስል ሲል ነው፤ በሁለተኛው ወደ ማሽኑ ድምፅ ጆሮውን አዘንብሏል፤ በሦስተኛው ቀጥ ብሎ ያያል፤ በአራተኛው ወደ እሷ ዞሯል። ኢላሪዮን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስዶ በአውራ ጣቱ ዳር ዳሩን ዳሰሰው።

“ግራው ደህና ነው። ቀኙም ደህና ነው።”

“የማን ይሁን እንግዲህ?” አለች ዮላ፤ ሴኖቢያን እያየች።

“የሙከራ ነው” አለ። ካቻቢቴውን ጠርጎ ወደ ኪሱ ከተተ። “ሴትዮዋ ትያዘው፤ ቦርሳ ያላት እሷ ናት።”

ከዚያ የሳጥኑን ክዳን በእጅጌው ወለወለ፤ መጋረጃውን ዘረጋ፤ ለዮላም ሞላውን በየስድስት ወሩ ዘይት እንድትቀባው፣ ቢራም እንዳታስጠጋው ነገራት። የስንብት እጁን ሰጣት። ደረጃውን ሲወርዱ ሴኖቢያ ቦርሳውን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እሱ በአንድ እጁ መደገፊያውን፣ በሌላው ትከሻዋን ይዞ፣ አንድ በአንድ ወረዱ።